የምንጭ ዳር ቅጠል በሳሎናችን

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ በጥቅምት ብርድ ፈርን ስለሚባለው ቅጠል ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ደስ ብሎኛል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ድረስ የመጣችሁም እንዳላችሁ ነግረውኛል። እናንተን ለይቶ የሚመለከት ጉዳይ ስላለ እመለስበታለሁ።

በዚች ቅጠል ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ቤቴ ካለው ተክል ላይ ነው የቆረጥኳት። ፊት የተቀመጣችሁ ጠጋ በሉ። ዘንጓን እዩት፤ እንደ ፈረስ ጭራ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ቅጠሎቿ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም፤ እያንዳንዳቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ናቸው። አሁን ብርጭቆው ውስጥ እነክራታለሁ። አያችሁ? ውሃው ውስጥ ስትገባ ብር የተቀባች መሰለች። ላውጣት። እስኪ እርስዎ እናቴ ይንኩልኝ። ደረቅ ናት አይደል? የቅጠሏ ገጽ ውሃ አያስጠጋም። ብር የመሰለን በቅጠሉና በውሃው መካከል የተያዘ ስስ አየር ነው። በሳይንስ ስሟ አዲያንተም ትባላለች፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የማይረጥብ» እንደማለት ነው።

ቅጠሏ ውሃ አይዝም፤ እሷ ግን ከውሃ ርቃ አንድ ሳምንት አትውልም አታድርም።

ያደግሁት ሐይቅ አካባቢ ነው። ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ ከቋጥኝ ሥር የሚወጣ ነበር። እንስራዬን ለማስሞላት ወረፋ ስጠብቅ ያን ቋጥኝ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ይህች ጥቁር ዘንግ ያላት ቅጠል ጠብታው በሚረጭበት ስንጥቅ ውስጥ ጢም ብላ በቅላለች። አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ግን አንዲት የለችም። ድንጋዩ አንድ ነው፤ አፈሩ አንድ ነው፤ ጥላውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ልዩነቱ የአንድ ክንድ አየር ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩና ነገሬም አላልኩት። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ ነው ፈርን ቤት ውስጥ ለማኖር የሚያስፈልገኝ እውቀት አብዛኛው እዚያች አንድ ክንድ ውስጥ እንደነበረ የገባኝ።

መጀመሪያ ፈርን ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙ ሰው ቤት «ፈርን አለኝ» ብሎ የሚያሳየኝ ያንን እንደ መርፌ የደቀቀ፣ ለስላሳ፣ በሠርግ እቅፍ አበባ ውስጥ የሚገባውን ተክል ነው። እሱ ፈርን አይደለም። በየቁጥቋጦው ከምናውቀው ከየሴት ቀስት ጋር አንድ ወገን ነው። ያብባል፣ ፍሬም ያፈራል። ፍሬው ለልጆች ሆድ ጥሩ ስላልሆነ ሕፃን ያለበት ቤት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። እውነተኛው ፈርን አበባ የለውም፣ ዘርም የለውም። አበባ የሚባል ነገር በምድር ላይ ከመታየቱ በፊት፣ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ዘር ማንዘር ነው። ዛሬ 10,000 የሚያህል ዓይነት አለው፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ ግንድ አውጥቶ እንደ ዛፍ የሚቆምም አለ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይመጣና ከሥር ወደ ጫፍ ቀስ እያለ ይፈታል። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ የካቲት ላይ እቤቴ ይምጣ፤ ቡናም አለ።

አበባ ከሌለው በምን ይራባል? ቅጠሉን ገልብጡት። ይህ ቦስተን ፈርን ነው፤ ከቅጠሉ ጀርባ በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ቡናማ ነጥቦች አሉት። ባለፈው ዓመት አንዲት እህቴ ስልክ ደውላ «ተባይ በላብኝ፣ አንድ በአንድ በጥፍሬ ፍቄ ጨረስኩት» ብላ ነገረችኝ። የፋቀችው የተክሉን ስፖር ነበር። ስፖር ከበሶ ዱቄት የላመ ብናኝ ነው፤ ፈርን የሚራባው በእሱ ነው። ልዩነቱን እንዲህ ለዩ፦ ነጥቦቹ በሥርዓት፣ በእኩል ርቀት፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ከተሰለፉ የተክሉ ናቸው። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ ዘንጉ ላይም ጭምር ተለጥፈው፣ ስትነኳቸው ተፈንቅለው የሚነሱ፣ አካባቢውንም የሚያጣብቁ ከሆነ እሱ ቅርፊት ለባሹ ተባይ ነው። እርሱንም ቢሆን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ መድኃኒት አትርጩበት፤ የፈርን ቅጠል ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። መጀመሪያ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ተክል ቦስተን ፈርን ነበር። ይህ ዓይነት በእነሱ አቆጣጠር በ1894 ለአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ በተላከ ጭነት ውስጥ ከወገኖቹ ለየት ብሎ የተገኘ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ወንድሞቹ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች ይፈስሳል። በዚያ ውበቱ ነው ዓለምን የዞረ። እኔም ሳሎን አምጥቼ፣ ዳንቴል ላይ፣ ታች ቀዳዳ በሌለው በሚያምር የሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውሃ። በአንድ ወሩ ጫፉ ቡናማ ሆነ። ጠማው ብዬ ሁለት ብርጭቆ አደረግሁለት። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ምንም ሳትናገር ተክሉን ከነአፈሩ ነቅላ አወጣችው፣ ሥሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ እኔንም አስሸተተችኝ። የረግረግ ጭቃ ሽታ ነበር። ሥሩ ጠቁሮ፣ ስትነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ይላላጥ ነበር። «ልጄ» አለችኝ፣ «ይሄ እኮ የጠማው አይደለም፤ የሰጠመ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የማጠጣው በቀን ቆጠራ አይደለም። ጣቴን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፤ ላዩ መድረቅ ጀምሮ ውስጡ ቅዝቅዝ ካለኝ አሁን ነው ጊዜው። ሌላው ዘዴ ማንሳት ነው። አጠጥታችሁ ስታነሱት ክብደቱን ልብ በሉ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ አንሱት። ክንዳችሁ ይማራል። ስታጠጡ ከታች እስኪፈስስ አጠጡ፤ ሰሃኑ ላይ የቀረውን ድፉ። የቲማቲም ጣሳም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ብትጠቀሙ ችግር የለም፤ ብቻ ሚስማር አግላችሁ ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳው ላይ ጎበጥ ያለ ገል ደፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ይለቃል።

አፈሩን በተመለከተ፣ የእርሻ ዋልካ ብቻውን ፈርንን ይገድላል። ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። እኔ የማደባልቀው አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ ነው። ቅጠሉን ከጓሯችሁ ሰብስባችሁ በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አርጥባችሁ ዓመት አቆዩት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አታስገቡ። አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ፦ አፈርም ሆነ ፈርን ለማምጣት ብላችሁ የጎፍ ደን አትግቡ። ከቋጥኝ ስንጥቅ የተነቀለ ፈርን ሥሩ ድንጋዩ ላይ ስለሚቀር ቤት ገብቶ አይድንም፤ ስንጥቁም ባዶውን ይቀራል።

የቡና አተላ የምትጨምሩ ብዙ ናችሁ፤ አውቃለሁ፣ በእያንዳንዱ ቤት አይቼዋለሁ። አተላ በብስባሽ ክምር ውስጥ ግሩም ነገር ነው። በቀጥታ ማሰሮው ላይ ሲደፋ ግን ይደርቅና እንደ ቂጣ ላዩን ይዘጋዋል፣ ይሻግታል፣ ውሃም አያሳልፍም። ዩሪያማ ጭራሽ አታስቡት። ፈርን ሆዱ ትንሽ ነው። በማዳበሪያ ከተማመናችሁ የተጻፈውን መጠን ግማሽ ወይም ሩቡን በውሃ አቅጥናችሁ፣ በወር አንዴ፣ እሱም አዲስ ቅጠል በሚያወጣበት ወራት ብቻ ስጡት።

ውሃውስ? ከሁሉ የሚበልጠው የዝናብ ውሃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ቆርቆሮውን ያጥቡት፤ ከዚያ በኋላ ከአሸንዳው የሚወርደውን በበርሜል ያዙ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ከሆነ፣ ያው ጨው በማሰሮው አፈር ውስጥም እየተጠራቀመ የቅጠሉን ጫፍ ያነድዳል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣብን ሰዎች እንግዲህ አንድ ጥቅም አለን፦ በጀሪካን ያደረ ውሃ ክሎሪኑ ይቀንስለታል፣ ብርዱም ይሰበራል። ሳሙና ያልነካው ከውዱእ የተረፈ ውሃም ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሥሩ ጉዳይ ነው። ወደዚያች አንድ ክንድ እመለሳለሁ፤ ወደ አየሩ።

እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ ናትናኤል ዋርድ የሚባል ሐኪም ነበር። ፈርን ይወድ ነበር፤ በግቢው ካብ ሠርቶ ሊያበቅል ሞከረ። የከተማው የድንጋይ ከሰል ጭስ ሁሉንም ገደለበት። ይኸው ሰው የእሳት ራት ከኩብኩባዋ ስትወጣ ለማየት ብሎ ኩብኩባዋን እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ከደነው። ቀን ውስጡ ያለው ውሃ በሙቀት እየተነነ ጠርሙሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይይዛል፣ መልሶም ይወርዳል። ራቷን ሲጠብቅ ከአፈሩ ውስጥ አንዲት ፈርንና አንድ ሣር ብቅ አሉ። በግቢው ውስጥ በስንት ልፋት እምቢ ያለችው ፈርን፣ ማንም ሳያጠጣት፣ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት ኖረች። ከዚያ በኋላ ነው ባለ መስታወት ሣጥኖች ተሠርተው ተክሎች በመርከብ ባሕር አቋርጠው በሕይወት መድረስ የቻሉት፤ በ1833 ፈርን የሞሉ ሁለት ሣጥኖች ከለንደን እስከ አውስትራሊያ ሲድኒ ድረስ ሄደዋል።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ውስጥ የዋርድ ጭስ አለ። ወሎዬ ቡና ሲያፈላ ያምር ዘንድ ቄጤማውን ጎዝጉዞ ተክሉን ረከቦቱ አጠገብ ያስጠጋል። ከሰሉ ይነድዳል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ሁለት ሰዓት ያልፋል። ለእኛ በረካ ነው፤ ለፈርን ግን ደረቅ ትኩስ አየርና ጭስ ነው። ቡናችሁን አትተዉ፤ ተክሉን ወደ ሌላው ጥግ አርቁት፤ በቃ።

«በውሃ መርጫ እየረጨሁት ነው» ትሉኛላችሁ። መርጨት አየሩን የሚያረጥበው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ወደ ድርቀቱ ይመለሳል። ከዚያ የሚሻለው ይህ ነው፦ ተክሎቻችሁን በየክፍሉ ከመበተን አንድ ላይ ሰብስቧቸው፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው እርጥበት ለጎረቤቱ ይሆናል። መታጠቢያ ቤታችሁ መስኮት ካለው ለፈርን ከሳሎን ይበልጣል። ሦስተኛው የእናቴ ዘዴ ነው። አሮጌ እንስራ የሚያልበውን ታስታውሳላችሁ? ያልተቀባ ሸክላ ውሃ ያልባል፤ ሲያልበው አካባቢውን ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል። አፉ ሰፊ የሆነ፣ ያልተቀባ ማሰሮ ፈልጉ፤ ውስጡ አሸዋ ጨምሩና ፈርኑን ከነትንሽ ፕላስቲክ ዕቃው መሃል ላይ አስቀምጡ። አሸዋውን ሁልጊዜ እርጥብ አድርጉት። ማሰሮው ሌት ተቀን ያልባል፤ ተክሉም በላቡ መካከል ይኖራል። ይህች ጥቁር ዘንግ ያላት ቤቴ ስምንት ዓመት የቆየችው በዚህ ነው።

ስለ ብርሃን የአውሮፓ መመሪያዎች የሚሉት እኛን ያሳስታል። «ፈርንን በሰሜን መስኮት አስቀምጡ» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ደሴ ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ካላመናችሁ ሰኔ ላይ ቀትር ቁሙና ጥላችሁ ወደየት እንደሚወድቅ እዩ፤ ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ፣ ሰማዩ ገና በደመና ሳይጨልም፣ የሰሜን መስኮት ላይ ያለ ፈርን ይቃጠላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የደቡቡ መስኮት ነው የሚያቃጥለው። ከፍታችን 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐዩም የሚምር አይደለም። ስስ ነጭ መጋረጃ ይበቃል፤ ወይም ከመስኮቱ ሁለት ክንድ ማራቅ። ጋዜጣ ሳትቸገሩ የምታነቡበት ብርሃን ለፈርን በቂ ነው።

ቃል የገባሁላችሁ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እናንተ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ፤ በዚህ ልዩነት ሙቀታችሁ ከእኛ በ4 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። ከሞቃት አገር የመጡ ፈርኖች የሚወዱት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ሙቀቱ ደግ ነው፤ ጠላታችሁ ድርቀቱ ነው፤ የማሰሮውን ዘዴ ያዙ። እኛ ደሴዎች ደግሞ ጉሙ ያግዘናል፣ የምንፈራው የሌሊቱን ብርድ ነው። በክረምት ቦስተን ፈርንን በረንዳ አውጡት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ውስጥ የሚያወጣውን ቅጠል ማመን ያቅታችኋል። መስቀል ሲያልፍ አስገቡት። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ከመስኮቱ መስታወት አርቁት፣ ውሃውንም አሳንሱ። በልግ ሲገባ፣ የተጠቀለለው ቡቃያ ሲታይ፣ ዕቃ የምትቀይሩበትና የምትከፋፍሉበት ጊዜ ነው። ቦስተን ፈርን ቅጠል የሌለው እንደ ክር ያለ ነገር ወደ ጎን ይልካል፤ ብዙ ሰው ሥር የሸሸ መስሎት ይቆርጠዋል። ጫፉን ሌላ አፈር ላይ ካሳረፋችሁት አዲስ ተክል ይሆናል። ለጎረቤት የሚሰጥ ከዚያ ይገኛል።

የወፍ ጎጆ የሚባለውን ሰፊ ቅጠል ያለውን ፈርን የያዛችሁ፣ መሃሉ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ በብርዳችን ልቡ ይበሰብሳል። ዙሪያውን አጠጡት። አዲስ ጀማሪ ደሴ ውስጥ ምን ልግዛ ብሎ ቢጠይቀኝ ግን ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ የሆነውን ሆሊ ፈርን እላለሁ፤ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ ብርዱንም ድርቀቱንም ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። አየር ያጸዳል ተብሎ የሚነገረውን ሰምታችሁ ለዚያ ብላችሁ ግን አትግዙ። ወሬው የተነሣበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ጥናት የተሠራው በተዘጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ነው፤ የእኛ ሳሎን በርም መስኮትም አለው።

ይህች ባለ ጥቁር ዘንጓ ደርቃ እንደ ጭድ ብትሆንባችሁ አብሽሩ፤ ቶሎ አትጣሏት። ቅጠሏን ሁሉ ከአፈሩ ልክ ቁረጡና አፈሩን ለሳምንታት እርጥብ አድርጋችሁ ጠብቁ። አፈር ውስጥ የሚሄደው ግንዷ ካልሞተ ታቆጠቁጣለች። የእኔዋ አንዴ እንዲህ ሆና በሃያኛው ቀን ሦስት የተጠቀለሉ ቡቃያዎች አውጥታለች፤ እያንዳንዳቸው የስፒል ጭንቅላት ያህላሉ።

የመጨረሻው ሥራችን ነው። በየወንበራችሁ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ውስጡ ከዚችው ተክል የወሰድኩት ስፖር ነው፤ ቅጠሏን ወረቀት ውስጥ አጥፌ ሌሊቱን አሳደርኳትና ረገፈ። አትክፈቱት፤ በትንፋሽ ይበናል። እቤት ስትደርሱ ሃይላንድ ፕላስቲክ ከወገቡ ቁረጡ፤ ሦስት ጣት የሚያህል አፈር ጨምሩ፤ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና የሌላውን ነገር ዘር ግደሉ። ሲቀዘቅዝና ውሃው ሲጠነፍፍ ወረቀቱን በላዩ አራግፉ፤ አፈር አታልብሱት፤ የላይኛውን ግማሽ መልሳችሁ ክደኑት። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ከሳምንታት በኋላ አፈሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ አልጌ ነው ብላችሁ እንዳትደፉት። ቀርባችሁ ስታዩት የልብ ቅርጽ ያላቸው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ቅጠሎች ናቸው። የፈርን ወንዴና ሴቴ የሚገናኙት በእነሱ ላይ ነው፤ ወንዴው ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ላይ ዋኝቶ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ክዳኑን አንስታችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በስሱ እርጩ። እዚህ ላይ መርጨት ዋጋ አለው። ከዚያ ትዕግሥት ነው፤ የመጀመሪያዋን እውነተኛ ማራገቢያ ለማየት ወራት ይፈጃል።

የተቆረጡ ሃይላንዶች በሩ አጠገብ ካርቶን ውስጥ ናቸው። በእጃችሁ የሌለ ካለ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ልጆች ካሏችሁ ለእነሱም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።